ማህተሙ አባዶ ነው

በዚያ ክረምት ጽሑፉ ኢምፔሪያል፣ ፊርማው ወሎ ሰፈር፣ ማህተሙ ደግሞ የካ አባዶ ነበር። እኔ በሦስቱ መካከል ስመላለስ ከረምኩ።

የምሠራው ኢምፔሪያል አካባቢ ባለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የኮፒ ክፍል ሠራተኛ ይላል። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ሲቋረጥ ግን ኮፒ የሚያስደርግ ሰው ጠፋ፤ ግቢው ባዶ ሆነ። ባለቤቶቹም ባዶነቱ ካልቀረ ብለው ሕንፃውን ማሳደስ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ማስታወቂያ መጻፍ ሆነ። በየጥቂት ቀኑ አንድ ይወጣል። የገጹ የላይኛው ግማሽ ስለ ኮሮና ነው፤ ስለ ማስክ፣ ስለ እጅ መታጠቢያ፣ ስለ ርቀት። የታችኛው ስለ እድሳቱ ነው፤ የትኛው ደረጃ እንደተዘጋ፣ የትኛው ሽንት ቤት ውሃ እንዳለው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ወዴት እንደዞረ። ሁለቱን አስማምቶ በአንድ ገጽ ማስገባት የኔ ፈንታ ነበር።

ሁለቱ ግን አይስማሙም ነበር። መጀመሪያ ተማሪዎች ተራርቀው እንዲቆሙ ብለን በኮሪደሩ ንጣፍ ላይ ቢጫ ክቦች ቀባን። ክቦቹን የለካሁት እኔ ነኝ፤ በገመድ፣ ከመሐል እስከ መሐል። በሳምንቱ ንጣፉን የሚቀይሩት ሠራተኞች መጡና በመዶሻ አነሱት። ለብዙ ቀን ግማሽ ክብ፣ ሩብ ክብ ያለባቸው ስብርባሪዎች ከበሩ አጠገብ ተቆልለው አየኋቸው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ሳይፈልግ ይገጣጥማቸዋል።

ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ገርጂ አንድ ጽሕፈት ቤት ጥግ ቆሜ ሌላው ሲጽፍ እያየሁ ጀመርኩት፤ የቀረውን ከስልክ ላይ ለቃቀምኩ። ከዚያ ይሁን ከተፈጥሮዬ አላውቅም፣ አንድ መስመር ከሌላው ትንሽ ወጣ ካለ መቀመጥ አልችልም። ማስታወቂያ ደግሞ የሰው እግር የሚያዝዝ ነገር ነው። እኔ በስህተት ሦስተኛ ፎቅ ብል ሰው በአቧራ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል።

የሚለጠፈው በቴሌግራም ነበር። ጽሑፉን እንዲሁ ቢለቁት ግን የሚያምን የለም። አንድ ቀን ቸኩለን እንዲሁ ለቀነው፤ ከሥሩ ወዲያው "ማህተም የለውም፣ ፌክ ነው" የሚል መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከደሴ የደወለ አንድ ተማሪ፣ "ወንድሜ፣ አንተን አላምንም ማለቴ አይደለም። ማህተሙን ብቻ አሳየኝ፤ ነገውኑ አውቶቡስ እይዛለሁ" አለኝ። ስለዚህ ማስታወቂያው ይጻፋል፤ አርማ ባለው ወረቀት ይታተማል፤ ዲኑ ይፈርሙበታል፤ ክቡ ማህተም ያርፍበታል፤ ከዚያ በስልኬ ፎቶ አነሳውና እንደገና ወደ ስልክ ይገባል።

ማህተሙን የሚይዙት የሬጅስትራሯ ጸሐፊ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ አስም አለባቸው። ኮሮና እንደገባ ቤት እንዲቀመጡ ተነገራቸው። ማህተም ግን እንደ ቁልፍ ለጎረቤት ተሰጥቶ የሚኬድበት ነገር አይደለም፤ ርክክብ አለው። ርክክቡ ኮሚቴ ይፈልጋል፤ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ከሒሳብ አንድ፣ ከኦዲት አንድ፣ ከአስተዳደር አንድ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ። በዚያን ሰሞን ደግሞ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ኮሚቴው ካልተሰበሰበ ርክክብ የለም፤ ርክክብ ከሌለ ማህተሙ ከእሳቸው አይለይም። እሳቸውም በእጅ ቦርሳቸው ከተው ወደ አባዶ ይዘውት ሄዱ። የሳቀ ሰው አላስታውስም። ደንቡ ደንብ ነበር።

ዲኑ ደግሞ ቢሯቸው ሲፈርስ ወሎ ሰፈር ከጋራዦቹ ጀርባ ወደተከራዩት ክፍል ሄዱ። አንድ ቃል በተቀየረ ቁጥር እየሄድኩ ሳስፈርም ቆይቼ፣ አንድ ቀን ሰለቻቸውና አርማ ያለበትን ባዶ ወረቀት ደርድረው ከታች ከታች ፈረሙልኝ።

"ዶክተር፣ ባዶ ወረቀት ላይ?" አልኳቸው።

"ያለ ማህተም ምን ዋጋ አለው? ያዘው" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ከፊርማው በላይ እንዲያልቅ አድርጎ ማሳጠር ሌላ ሥራ ሆነ። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ አቃፊ፣ አቃፊውን በሸሚዜ ውስጥ አድርጌ ነበር የምይዛቸው። ታክሲ ውስጥ በየማቆሚያው ደረቴን እዳስስ ነበር።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ዲኑ ደውለው ትልቁን ማስታወቂያ አስጻፉኝ። ተመራቂ ተማሪዎች ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ይመለሳሉ። የአስተዳደር ሠራተኛ ሁሉ በአካል ይገኛል፤ ያልተገኘ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል። ሬጅስትራር በሁለተኛ ፎቅ አዲሱ አዳራሽ አገልግሎት ይሰጣል። የቀድሞው የሬጅስትራር ክፍል የለይቶ ማቆያ ይሆናል።

እየጻፍኩ እጄ ቆመ። የቀድሞው ክፍል የእትዬ ክፍል ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ኮሪደር ብቻ ቀለም ሲቀባ ምን እንደሆኑ አይቻለሁ። ጠረጴዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ አየሩ እምቢ ብሏቸው ነበር። እኔና ዘበኛው በወንበር ተሸክመን አውርደን ክሊኒክ አደረስናቸው። አሁን አዳራሹ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እብነ በረድ በማሽን ይቆረጣል። አቧራው ከመስኮቱ እንደ ጭስ ሲወጣ ከመንገዱ ማዶ ይታያል። ሰኞ እዚያ ከተቀመጡ ማክሰኞን አይደግሙም። ካልመጡ ደግሞ ጡረታቸው ጥቂት ሲቀረው ሥራቸው ያበቃል። ይህን የሚያጸናው ማህተም ያለው እሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ወስጄ የማስመታው እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር ነበር። በጤናው ክፍል፣ መስኮቶችና በሮች በሥራ ሰዓት ሁሉ ክፍት ይሁኑ ይላል። በእድሳቱ ክፍል፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቶችና በሮች ሁልጊዜ ዝግ ይሁኑ ይላል። ለዲኑ መልሼ ደወልኩ።

"ዶክተር፣ መስኮቱ ሁለት ቦታ ተጠቅሷል። አንዱ ክፈቱ፣ አንዱ ዝጉ ይላል።"

"አውቃለሁ። የመጀመሪያው ከጤና የመጣ ነው፣ ሁለተኛው ከመሐንዲሱ። አንዱንም ማውጣት አልችልም።"

"እትዬስ? አስሙ..."

"እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው። ለአንድ ሰው ብዬ አልለይም። ዛሬ ይመታበት፣ ዛሬ ይለጠፍ።"

አትሜ አወጣሁት። በሩ ላይ ዘበኛው የሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደቀኑ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ይህ ሽጉጥ የሚመስል መሣሪያ ከተሰጣቸው ወዲህ ቀናቸው በጨዋታ ነበር የሚያልፈው።

"ሠላሳ ሁለት" አሉ። "አንተ ልጅ፣ በሕይወት አለህ?"

"ስወጣም ይለካል እንዴ አባባ?"

"የሞተ ሰው እንዳይወጣብኝ ነው።" ፊቴን አዩና ዝቅ ብለው ጠየቁ፤ "ምን ይዘህ ነው?"

ነገርኳቸው። መለኪያውን አወረዱ። "ታዲያ ለምን ትሮጣለህ? ቀስ ብለህ ሂድ" አሉኝ።

ቀስ ማለት አልቻልኩም። ከኢምፔሪያል መገናኛ፣ ከመገናኛ አባዶ ነው። ታክሲ በግማሽ ይጭን ነበር፤ ታሪፉም እጥፍ ሆኖ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ "አንድ አንድ ወንበር ዝለሉ፣ አንድ አንድ ዝለሉ" ይላል።

"ታሪፉንም አንድ ዝለለው እስቲ" አለችው ከኋላ አንዲት ሴት።

"እናቴ፣ ታሪፉ ማስክ የለውም፣ ማንም ጋ ይደርሳል።"

ሰዉ በማስኩ ውስጥ ሳቀ። እኔ ወረቀቱን አውጥቼ እንደገና አነበብኩ፤ መለስኩት፤ ጣፎ ሳንደርስ እንደገና አወጣሁት። አንድ ቃል ብቀይር ብዬ አሰብኩ። "ሁሉ" ከሚለው ቀጥሎ "ከሕሙማን በስተቀር" ለማለት ቦታ እንዳለ በዓይኔ ለካሁ። ቦታ ነበር፤ ግን ቃሉ የኔ አልነበረም። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አጠገቤ የነበረው ሰው፣ በመካከላችን ባዶ ወንበር እያለ፣ "ወንድም፣ መኪናውን አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?" አለኝ።

እትዬ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሁልጊዜ እንደማደርገው ከታች ደወልኩላቸው፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉትም ሁለት በርጩማ ኮሪደሩ ላይ አውጥተው፣ አንዱን ከደረጃው ጫፍ፣ አንዱን ከበራቸው ጠርዝ አድርገው ጠበቁኝ። ወረቀቱን በመካከላችን ባለው ካርቶን ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸው በማስኩ ትንፋሽ ስለሚደበዝዝ ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገውት ነበር።

ሳያነቡ ማህተም አይመቱም። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ከላይ ጀመሩ። እኔ የኮሪደሩን ብረት ያዝኩ። ከታች ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ ግድግዳ በመታች ቁጥር አንድ መስመር ያለፉ ይመስለኛል። ስለ ሠራተኞቹ ከሚለው ላይ ደረሱ። ከንፈራቸው ቆመ። ከዚያ ቀጠሉ። ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ።

"እንደለቀቀ ይቆጠራል" አሉ በመጨረሻ። "ቆንጆ ነው የጻፍከው። ፊደሉ አይጨናነቅም።"

"እትዬ፣ እኔ አይደለሁም..."

"አውቃለሁ። ቁጭ በል። ለምን ትቆማለህ?"

ተቀመጥኩ። ወዲያው ተነሳሁ።

"ካልፈለጉ አይምቱት" አልኳቸው። "ታመው ነው፣ አላገኘኋቸውም እላለሁ።"

"ከደሴ የሚደውለው ልጅስ?" አሉ። ስለ እሱ ነግሬያቸው ነበር። "ማህተሙን አሳየኝ ያለህ። እሱን ምን ትለዋለህ? ሌላ ሳምንት እዚያው ይቀመጥ?"

ወረቀቱን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"አሁን ይሄን መስኮት ንገረኝ። ክፈቱ ይላል። ወረድ ብሎ ዝጉ ይላል። እኔ የቱን ላድርግ?"

"ለዶክተሩ ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱም ከበላይ የመጡ ናቸው፣ ማውጣት አይቻልም አሉ።"

"እንዲያ ነው? ሁለቱም ይከበራሉ?"

"ሁለቱም።"

ደረታቸው ውስጥ የአስማቸው ቀጭን ፉጨት ትሰማ ነበር። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የሚነፋውን መድኃኒት ከኪሳቸው አውጥተው ሳቡና እስኪያልፍላቸው ጠበቁ።

"እንግዲያው መስኮት የሌለበት ቦታ ነው መቀመጥ ያለብኝ" አሉ። "የማይከፈት፣ የማይዘጋ። በሩ አጠገብ ያለው ድንኳን አሁንም አለ?"

ነበረ። ሙቀት ሲለካ ሰው ዝናብ እንዳይመታው የተተከለ ነው፤ ጣሪያና አራት እግር፣ በሦስት በኩል ክፍት። ዲኑ ጋ ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ካርቶኑ ላይ አኖሩት።

"ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ። ማስታወቂያው ደርሶኛል። መስኮቱ ላይ አንድ ነገር ሳልጨምር ብመታው ተማሪው ይስቅብናል።"

ከዲኑ ወገን ብዙ ሰው የሚያወራበት ድምፅ ይሰማል። "እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ። ሁለቱም እንዳይወጣ እንጂ፣ እርስዎ እንደሚሆን አድርገው ያስተካክሉትና ይምቱበት። ዛሬ ይውጣ ብቻ።"

"ሁለቱም አይወጣም። ከሥሩ ነው የምጨምረው።"

"ይሁን፣ ይሁን።"

ስልኩን ዘጉና አዩኝ። "ሰማህ አይደል? ጻፍ።"

እየነገሩኝ ስልኬ ላይ ጻፍኩት፦ ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ የመስኮት መመሪያዎች በአንድነት እንዲከበሩ፣ እድሳቱ ተጠናቅቆ በማስታወቂያ እስኪገለጽ ድረስ ሬጅስትራር አገልግሎቱን የሚሰጠው በዋናው በር አጠገብ ባለው ድንኳን ነው። "በማስታወቂያ እስኪገለጽ" የሚለውን እኔ ልተወው ነበር፤ እሳቸው ግን አስደገሙኝ።

ሕንፃው ሥር ወዳለችው የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ወረድኩ። እትዬ እንዳዘዙኝ አዳራሹ የሚለውን መስመር አውጥቼ ይህን አስገባሁ። የመጨረሻዋ መስመር ከዲኑ ፊርማ ላይ ሊወጣ ሆነ። የፊደሉን መጠን መቀነስ አልፈለግኩም፤ የመስመሩን ክፍተት በጥቂቱ አጠበብኩት፣ ርዕሱን ወደ ላይ ገፋሁት። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ "ምን እንዲህ ታጠብበዋለህ፣ ሁለት ገጽ አድርገው" አለችኝ። ሁለተኛ ገጽ ከሆነ ሁለተኛውን ማንም አያነበውም። ወደ ማተሚያው ያስገባሁት ፊርማ ያለበትን አንዱን ወረቀት ነበር። ሲወጣ በጽሑፉና በፊርማው መካከል ጣት የማታስገባ ክፍተት ቀርታለች። በልክ ገባ።

ስመለስ ማህተሙን ከቦርሳቸው አውጥተው ነበር። እትዬ ማህተም ሲመቱ አንድ ልማድ አላቸው፤ ቀለሙ እንዲይዝ ጎማውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሃ ብለው ይተነፍሱበታል። ኮሮና ከገባ ወዲህ ትተውት ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ተነፈሱበት። ትንፋሹ አጭር ነበር፤ መሐል ላይ ተቆረጠ። ደገሙት። ከዚያ ዞረው ወረቀቱ ላይ፣ ከፊርማው ጎን ትንሽ ነካ አድርገው፣ አሳረፉት። ክቡ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ አንድ ፊደል አልጎደለውም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ፎቶ አንስቼ ለቀቅኩት። ከደሴው ልጅ ወዲያው አንዲት የአውራ ጣት ምልክት መጣች።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛቸውን እኔና ዘበኛው ድንኳኑ ሥር አወጣነው። እትዬ በነጠላቸው ላይ ሹራብ ደርበው መጡ። ዘበኛው ለኳቸውና "ሠላሳ አራት። ከዚህ ልጅ ይሻላሉ" አሉ። ተማሪዎቹ ተራርቀው ቆሙ፤ ክብ ባይኖርም።

ዲኑ ረፋድ ላይ መጡ። ከመኪናቸው ሳይወርዱ መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

"እትዬ፣ ምን ሆነው ነው ደጅ የተቀመጡት?"

"ማስታወቂያው ነው ያስቀመጠኝ፣ ዶክተር።"

ወርደው በሩ አጠገብ ወዳለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሄዱ። የተለጠፈውን እስከ ታች አነበቡ።

"አዳራሽ ነበር ያልኩት" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "ይሄን እኔ ነኝ የፈረምኩት?"

"እንደሚሆን አድርገው ያስተካክሉት ብለውኛል" አሉ እትዬ ከጠረጴዛቸው። "ሁለቱንም መስኮት አላወጣሁም።"

ዲኑ ሰሌዳውን እንደገና አዩ። "ይህማ መቀየር አለበት።"

"ታዲያ አዲስ ማስታወቂያ ይወጣላ" አሉ ዘበኛው፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሁሉ።

"ማህተሙ ማን ጋ ነው?" አሉ ዲኑ።

ዲኑ ራሳቸውም መልሱን ያውቁት ነበር። ተማሪዎቹ ወደ እኛ ያያሉ። ከላይ ማሽኑ ተነሳና ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ነጭ አቧራ ወጣ። ዲኑ ቀና ብለው አዩት፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። ቀጥለው እትዬን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው "የቀሩትን ባዶ ወረቀቶች አምጣ" አሉኝ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፊርማ ወሎ ሰፈር መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ድንኳኑ ሁሉንም አልፈታም። ነፋሱ ከሕንፃው ወደ በሩ የሚዞርበት ጊዜ አለ። ያኔ እኔ ከኮፒ ክፍሌ አየዋለሁ፤ አቧራው ወዴት እንደሚያዘነብል። ሥራዬን ትቼ እሮጣለሁ፤ ጠረጴዛውን በአንድ ወገን እይዛለሁ፣ ዘበኛው በሌላው። እትዬ ማህተሙን በመዳፋቸው ይዘው ከኋላችን ይከተላሉ። ከበሩ ግራ ወደ በሩ ቀኝ፣ ከዚያ ተመልሶ። ተማሪዎቹም ሰልፋቸውን ይዘው አብረው ይዞራሉ። አንዳንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ። ነፋስ የሌለበት ቀን ይብስብኝ ነበር፤ መቼ ይነሳ ይሆን እያልኩ ቁጭ ማለት አልችልም።

እድሳቱ ሲያልቅ ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ዲኑ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ሰጡኝ፤ እድሳቱ ተጠናቅቋል፣ ሬጅስትራር ወደ አዲሱ አዳራሽ ይገባል። ጽፌ፣ ወሎ ሰፈር አስፈርሜ፣ ድንኳኑ ሥር አመጣሁላቸው። እትዬ አነበቡት። ማህተሙን አነሱ፤ ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ቆሙ።

"ወጥተህ አዳራሹን አይተኸዋል?" አሉኝ።

አይቼዋለሁ። በየጠዋቱ እየወጣሁ ግድግዳውን በጣቴ እነካ ነበር። "ቀለሙ ደርቋል" አልኳቸው።

"ሽታውስ?"

"ሽታው አለ።"

ማህተሙን በጨርቅ ጠቀለሉና ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ወረቀቱን ለእኔ ዘረጉልኝ።

"እንግዲያው ሽታው ሲወጣ አምጣው" አሉኝ።

አቃፊዬ ውስጥ አደረግኩትና ሽታው ወጥቶ እንደሆነ ላሸት ደረጃውን ወጣሁ።